ዘሩ ከእጃችን እንዳይጠፋ

መስከረም ሲጠባ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር የሚያልፍ ሰው ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ለብሶ ያያል። አደይን የዘራት ገበሬ የለም፤ አምና ያራገፈችው ዘር በአላህ ፈቃድ በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል። በግቢያችን የምናሳድጋቸው አበቦች ግን ዘራቸውን የሚጠብቅ እጅ ይፈልጋሉ። «ለማይበላ ነገር ምን አደከመን?» የሚሉ ወገኖች አሉ። የታሪካችን መልስ ሌላ ነው።

በ11ኛው ክፍለ ዘመን በአንደሉስ፣ በጡለይጢላ (በዛሬዋ ቶሌዶ) ኢብን በሷል የሚባል የግብርና ሊቅ ነበር። ስለ አፈር፣ ስለ ውሃና ስለ ዘር የጻፈው በገዛ እጁ ሞክሮ ያየውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1085 ከተማዋ ከሙስሊሞች እጅ ወጣች። ኢብን በሷል ወደ ኢሽቢሊያ (ሴቪል) ተሻግሮ ለገዥው ለአል-ሙዕተሚድ እንደገና የአትክልት ስፍራ አለማ። መሬቱ ቢቀርም ኢልሙ አብሮት ሄደ። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ በዚያችው ከተማ ኢብን አል-ዐዋም «ኪታቡል ፊላሓ»ን ሲያዘጋጅ ከእርሱ ብዙ ጠቅሷል። መጽሐፉ 585 ተክሎችን ሲዘረዝር ከእህልና ከፍራፍሬ ጋር ጽጌረዳንም አልተወም። በ1802 ማድሪድ ላይ በስፓኝኛ ታተመ።

እኛስ? ማሪጎልድ የሚባለው ብርቱካንማ አበባ አገሩ ሜክሲኮ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ እኛ ዘንድ ደርሷል። አበባው በግንዱ ላይ ሲደርቅ በፀሐያማ ቀን ይለቀም፤ ዘሩ ጥላ ሥር ደርቆ በወረቀት ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ሰኔ ላይ ውሃ እንዳይተኛበት ከፍ ባለ መደብ ላይ ተዘርቶ ስስ አፈር ይልበስ፤ ዶሮ እንዳይጭረው ይታጠር። ቡቃያው ሲጠና የተጨናነቀው ይሳሳ። በሁለት ወር ገደማ ያብባል።

አነስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ፣ ሙስሊም ከተከለው ወይም ከዘራው ላይ ወፍ፣ ሰው ወይም እንስሳ ቢመገብ ሰደቃ እንደሚሆንለት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። አበባ አይበላም ለሚሉ ወገኖች ንብ ትመልስላቸው፤ አላህ በስሟ ሱራ የሰየመላት ፍጡር ናት። ክረምቱ ሲወጣ የምንቆርጠው ማር ከየት መጣ?

ወላጆች ሆይ! ዘንድሮ ለልጆቻችሁ አንድ እፍኝ ዘር ስጡ፤ በዓመቱም ዘሩን መልሰው እንዲያስረክቧችሁ አደራ በሏቸው። አደራ መጠበቅን ከዚህ ይጀምራሉ፣ ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።