«ደለል» የሚለው ቃልና የወንዝ ጭነት ስሌት ታሪክ

ደብረ ኤልያስ በቋንቋ ሰዎች ዘንድ የሚታወቀው በቅኔ ቤቱ ነው። ወንዝን ለሚያጠና ሰው ግን ወረዳው በይበልጥ የሚታወቀው በስተደቡብ በሚያዋስነው በዓባይ ነው። ክረምት ሲገባ ከጮቄ ተራራና ከአካባቢው ደጋ የሚወርዱት ወንዞች ደፍርሰው ወደዚሁ ሸለቆ ይገባሉ። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረት፥ ወንዝ ሸክም ተሸካሚ መሆኑን ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ እንዳስተዋለ ያስረዳል። ይሁን እንጂ ተረቱ የሚያነሣው ከውሃው በላይ የሚታየውን ግንድ ነው፤ ከውሃው ጋር ተደባልቆ የሚሄደውን አፈርና በወንዙ ወለል ላይ የሚንከባለለውን አሸዋና ጠጠር አይጠቅስም። እኛ እዚህ የምንመለከተው እነዚህን ሁለቱንና በአማርኛ የምንሰጣቸውን ስም ነው።

ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የግብፅን የታችኛውን ምድር የወንዝ ስጦታ ብሎት ነበር። የስጦታው ምንጭ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ከመሠራቱ በፊት ዓባይ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ አፈርና አሸዋ ወደ ግብፅ ይወስድ ነበር፤ ከዚህም የሚበዛው የጥቁር ዓባይና የተከዜ ድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ወንዙ በግድቡ ሲገታ ጭነቱ በሐይቁ ውስጥ ቀረ። በረሺድ አጠገብ ያለው የሜዲትራኒያን ዳርቻ ምትክ አሸዋ ስላጣ፥ ባሕሩ በዓመት ከ100 ሜትር በላይ ወደ የብስ የገፋበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ወንዝ ምን ያህል እንደሚሸከም ማስላት ከደጋው ገበሬ እስከ ባሕር ዳር ነዋሪ ድረስ የሚነካ ጉዳይ ነው።

የስሌቱ ታሪክ ረጅም አይደለም። ፈረንሳዊው ዱቦይ እ.ኤ.አ. በ1879 ውሃ የወንዝን ወለል በሚጎትትበት ኃይል ላይ የተመሠረተ ቀመር አቀረበ። ሺልድስ በ1936 ጠጠር ከተቀመጠበት የሚነቃነቅበትን የኃይል ወሰን ለየ። ማየር ፒተርና ሙለር በ1948፥ የአልበርት አይንስታይን ልጅ ሐንስ አልበርት አይንስታይን ደግሞ በ1950 የወለሉን ጭነት የሚያሰሉ ቀመሮች አሳተሙ። ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠሩት ሞዴሎች ብዙዎቹ ከነዚህ የተነሡ ናቸው። ከዚህ ሁሉ ጥናት የተገኘው ዋና ትምህርት ሁለቱ ጭነቶች በአንድ ቀመር እንደማይሰሉ ነው። ደቃቁን አፈር የውሃው ሁከት ያነሣዋል፤ መጠኑንም በአብዛኛው የሚወስነው ከተዳፋቱ ታጥቦ የሚመጣው ነው። ጠጠሩ ግን እየተንከባለለ፥ እየተንሸራተተና እየዘለለ ይሄዳል፤ የሚወስነውም ውሃው በወለሉ ላይ የሚያሳድረው ኃይል ነው።

አለካካቸውም ይለያያል። በጎጃም በደምበጫ አካባቢ በምትገኘው በአንጀኒ፥ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ 113 ሄክታር ያህል ከሚሆን ተፋሰስ የሚወጣው ውሃና አፈር ሲለካ ቆይቷል። እንዲህ ባለው ልኬት ከጅረቱ በጠርሙስ የሚቀዳው ውሃ ደቃቁን አፈር ያሳያል፤ ከሥር የሚንከባለለውን ግን አይዝም።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። ተርጓሚዎቻችን ለዚህ ሁሉ «ደለል» ይላሉ። ነገር ግን ደለል በሕዝብ አነጋገር በተለይ ውሃው ካለፈ በኋላ ተኝቶ የሚገኘው ነው፤ መሬት በደለል ይሸፈናል፥ ኩሬ በደለል ይሞላል። ስለዚህ «ተንጠልጣይ ደለል» የሚለው ትርጉም ሁለት ጊዜ ይስታል፤ የሚሄደውን በተቀመጠው ስም ይጠራል፥ በውሃ ውስጥ የተበተነውንም በገመድ እንደተሰቀለ ያስመስላል። «ተንሳፋፊ» ብንልም የተረቱን ግንድ እንጂ አፈሩን አናገኝም። አንድ ቃል ሁለት ፍች መያዙ በቅኔ ጌጥ ነው፤ በልኬት ሰነድ ግን አንባቢው «የደለል መጠን» የሚለውን አይቶ ጠጠሩ ይቆጠር አይቆጠር ማወቅ አይችልም።

በበኩላችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በጠቅላላው ወንዝ ለሚሸከመው «የወንዝ ጭነት»፤ ከውሃው ጋር ተደባልቆ ለሚሄደው፥ ገበሬው «ወንዙ ደፈረሰ» ከሚለው ወስደን «የድፍርስ ጭነት»፤ ከሥር ለሚሄደው «የወለል ጭነት» ይባል። «ደለል» ግን ለተቀመጠው ብቻ ይጠበቅ። አሸዋ፥ ጠጠርና ኮረት የመጠን ስሞች ስለሆኑ ከእንቅስቃሴ ስሞች ጋር አይቀላቀሉ፤ አሸዋ እንደ ውሃው ጉልበት በአንዱም በሌላውም ጭነት ውስጥ ሊገኝ ይችላልና።

ጉዳዩ የማይናቅ መሆኑን ሱዳን ያለው የሮዛሪስ ግድብ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራው ይህ ግድብ በ2013 ከፍታው እስኪጨመርለት ድረስ ከመያዣው አንድ ሦስተኛ ያህሉን በደለል አጥቷል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2025 ከተመረቀ ወዲህ፥ ከጎጃም ደጋ የሚወርደው ጭነት በአብዛኛው የሚያርፈው በገዛ አገራችን ሐይቅ ውስጥ ነው። የሚለካውም ሆነ ሰነዱን በአማርኛ የሚያነበው የእኛው ሰው ስለሆነ፥ የሚሄደውንና የተቀመጠውን ለይቶ የሚጠራ ቃል ሊሰጠው ይገባል።