ክላርክ የሚለው የእንግሊዝ ቃል ከመቅደስ ወደ ጽሕፈት ቤት እንደ ወጣ

እንግሊዞች «ክላርክ» የሚሉት ቃል ዛሬ በተራ ንግግር ከመዝገብና ከወረቀት ጋራ የሚውለውን ጸሐፊ ያመለክታል፤ አሜሪካኖችም «ክለርክ» እያሉ በሱቅ ዕቃ ለሚሸጠው ሠራተኛ ጭምር ይሰጡታል። ዳሩ ግን ዘሩ ቢመረመር የካህን ስም ሆኖ ይገኛል።

መሠረቱ «ክሌሮስ» የሚለው የጽርእ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም ዕጣ፥ ድርሻ፥ ርስት ማለት ነው። በግብረ ሐዋርያት ማትያስ የተመረጠበት ዕጣ በዚሁ ቃል ተጽፏል። ኦሪት ዘዳግምም የሌዋውያን ርስት እግዚአብሔር እንደ ሆነ ስለሚናገር፥ ሄሮኒሙስ ለካህኑ ለኔፖትያኖስ በላከው መልእክት፥ ካህናት በዚህ ስም የተጠሩት ወይ እነርሱ የጌታ ዕጣ ስለ ሆኑ፥ ወይ ጌታ ዕጣቸው ስለ ሆነ ነው ብሎ ፈታው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ይህ አፈታት እንግዳ አይሆንበትም።

ቃሉ በላቲን በኩል ወደ እንግሊዝ አገር በገባበት ዘመን ማንበብና መጻፍ በብዛት በካህናት እጅ ነበረ። ንጉሥ ደብዳቤ ሲያስጽፍ፥ ባለርስትም ሒሳቡን ሲያስይዝ የሚጠራው ክላርክ ነው፤ ቾሰር በ14ኛው መቶ ዓመት በጻፈው የካንተርበሪ ተረቶች ደግሞ ክላርክ የኦክስፎርድ ተማሪ ነው። ባገራችንም እንደ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ያሉት የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የነገሥታቱን ታሪክ ጽፈዋል፤ እኛ ግን ሥራውን ከመጻፍ «ጸሐፊ» ብለን ስለ ሰየምነው ስሙ ከቦታው አልተናወጠም።

የቃሉ ብርቱ ታሪክ ግን በፍርድ አደባባይ ነው። ንጉሥ ሄንሪ ሁለተኛ በ1164 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) የበደሉ ካህናት ለንጉሥ ዳኛ ይሰጡ ብሎ ቢያዝ፥ ሊቀ ጳጳሱ ቶማስ ቤኬት እንቢ አለ፤ በ1170 ዓ.ም. በካንተርበሪ በገዛ ካቴድራሉ ተገደለ። ከዚያ ወዲህ ንጉሡ ስለ ለቀቀ፥ ካህን በሞት የማይፈርደው የቤተ ክርስቲያን ዳኛ ድርሻ ሆነ። ካህን መሆኑ በምን ይታወቃል ቢሉ፥ በማንበቡ! ስለዚህ የተማረ ሁሉ፥ ሚስት ያለውም ጭምር፥ ክላርክ ነኝ ይል ጀመር። መጽሐፍ ይገለጥለታል፤ የጳጳሱ እንደራሴ «ያነባል» ካለ ከስቅላት ይድናል፥ «አያነብም» ካለ ይሰቀላል። የሚሰጠውም አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ቍጥር 50ኛው የዳዊት መዝሙር መጀመሪያው ቃል ነበረ፤ ሕዝቡም «የአንገት ጥቅስ» አለው። ፊደል ሳይለይ በቃሉ ያጠና ሌባ ነፍሱን አተረፈ፤ የሚያስጠናው ያላገኘ ድኻ ግን በዚያው በደል ተሰቀለ። ንስሓ የሚገባበት መዝሙር የገመድ ማምለጫ መሆኑ የሚያሳዝን ነገር ነው።

በ1489 ዓ.ም. ሕግ ሁለተኛ እንዳያመልጥ አውራ ጣቱ በጋለ ብረት ይተኰስ ተባለ። ባለቅኔው ቤን ጆንሰን በ1598 ዓ.ም. በሰይፍ ግጥሚያ ሰው ገድሎ፥ አንብቦ ዳነ፤ ጣቱ ግን ተተኰሰ። በ1706 ዓ.ም. የማንበቡ ፈተና ቀረ፤ ማይምም የክላርክን ምሕረት አገኘ። በ1770 ዓ.ም. በቦስተን ሕዝብ ላይ ተኵሰው የተፈረደባቸው ሁለት የእንግሊዝ ወታደሮች፥ ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ ጠበቃቸው ሆኖ፥ በዚሁ ሕግ ጣታቸው ተተኵሶ ተለቀቁ። በእንግሊዝ አገር ሕጉ በ1827 ዓ.ም. ተሻረ።

በዚህ ጊዜ ማንበብ የብዙዎች ስለ ሆነ ስሙ ወደ ባንክና ወደ ንግድ ቤት ጠረጴዛ ወርዶ ነበረ። ይሁን እንጂ ከቤቱ ፈጽሞ አልወጣም፤ በእንግሊዝ የሕግ ወረቀት ላይ የአንግሊካን ቄስ ዛሬም «የቅዱስ ክህነት ክላርክ» ተብሎ ይጻፋል።