ሴራሚክ ወይስ ቴፍሎን? የማብሰያ ዕቃ ሲመረጥ ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

ምግብ የማይዙ ድስቶችና መጥበሻዎች በገበያ ላይ በሁለት ዓይነት ይቀርባሉ። አንደኛው በተለምዶ ቴፍሎን እየተባለ የሚጠራው ሲሆን፣ ሁለተኛው የሴራሚክ ልባስ ያለው ነው። ሁለተኛውን የሚመርጡ ሸማቾች ብዙውን ጊዜ ይህን የሚያደርጉት ለጤና ተስማሚ ነው በሚል እምነት ነው። ይሁንና ምርጫው ከስያሜው ይልቅ ዕቃው ሊቋቋመው የሚችለውን ሙቀት፣ የሚሰጠውን አገልግሎትና የሚቆይበትን ጊዜ መሠረት ሊያደርግ ይገባል።

ምግብ ከማብሰያው ጋር እንዳይጣበቅ ማድረግ ለኢትዮጵያ ማዕድ ቤት አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሸክላ ምጣድ ከተሟሸ በኋላ በተፈጨ ጎመን ዘር እየታሰሰ እንጀራ ይጋገርበታል። ይሁን እንጂ ሴራሚክ የሚባለው መጥበሻ ከሸክላ የተሠራ ነው ማለት አይደለም። አካሉ አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ሲሆን፣ ውስጡ የተለበጠው በሲሊካ ላይ በተመሠረተ ስስ ልባስ ነው።

ቴፍሎን በሚል የንግድ ስም የሚታወቀውን ፒቲኤፍኢ የተባለ ውህድ እ.ኤ.አ. በ1938 ያገኘው አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ባለሙያ ሮይ ፕለንኬት ነው። ውህዱ በ1950ዎቹ በፈረንሳይ ለመጥበሻ ልባስነት መዋል ጀመረ።

በቴፍሎን ላይ ለተነሣው የጤና ሥጋት ዋነኛ ምክንያት የሆነው ፒኤፍኦኤ የተሰኘውና በማምረት ሂደት ያገለግል የነበረው ኬሚካል ነው። በአሜሪካ ታላላቅ አምራቾች በ2006 በተጀመረ መርሐ ግብር መሠረት እስከ 2015 ድረስ ኬሚካሉን ከጥቅም ውጪ ለማድረግ ተስማምተው ነበር። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነትም በ2019 ኬሚካሉን እንዲወገዱ ከሚፈለጉት መካከል መዝግቦታል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ደግሞ በ2023 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ጎራ መድቦታል። በመሆኑም "ከፒኤፍኦኤ ነፃ" የሚለው ጽሑፍ ዕቃው ፒቲኤፍኢ የለበትም ማለት እንዳልሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል።

በአጠቃቀም ረገድ ዋነኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። ፒቲኤፍኢ ከ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ መበላሸት ይጀምራል። ሙቀቱ እጅግ ሲጨምር የሚወጣው ጭስ በሰው ላይ ጉንፋን መሰል ትኩሳት ሊያስከትል፣ በቤት ውስጥ ያሉ አእዋፍን ደግሞ ሊገድል ይችላል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ፣ ፈሳሽ ያለው ሽሮ ወይም ወጥ እስካለበት ድረስ ድስቱ ለዚህ አይደርስም። አደጋው ያለው ባዶ መጥበሻ በኃይለኛ እሳት ላይ ሲረሳ ነው።

የሴራሚክ ልባስ በአንጻሩ ከፍተኛ ሙቀትን የተሻለ ይቋቋማል፤ ፒቲኤፍኢም አይገኝበትም። ደካማ ጎኑ ዕድሜው ማጠሩ ነው። ምግብ ያለመያዝ ባሕርዩ ከቴፍሎን ቀድሞ ይጠፋል፤ በኃይለኛ እሳት ደጋግሞ መጠቀምም ይህንኑ ያፋጥናል። ከዚህ አኳያ በዝቅተኛና በመካከለኛ እሳት እንቁላልና ዓሣ ለሚያበስል ቤተሰብ ቴፍሎን በቂ ሲሆን፣ እሳትን መቆጣጠር በሚያስቸግርበት ማዕድ ቤት ሴራሚክ ይመረጣል። ሽንኩርት ያለ ዘይት ለረጅም ጊዜ ለማቁላላት ግን ከሁለቱም ይልቅ ወፍራም መቀመጫ ያለው የማይዝግ ብረት ድስት ይሻላል።

የሁለቱንም ዕድሜ ለማራዘም የእንጨት ማማሰያ መጠቀም፣ በሽቦ መፈግፈጊያ አለመፈተግ፣ የጋለውን ዕቃ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አለመንከርና ሲደራረቡ በመካከላቸው ጨርቅ ማድረግ ይመከራል። ልባሱ የተላጠ ዕቃ መተካት አለበት።

ለመሥሪያ ቤት ክበቦችና ለተማሪዎች መመገቢያ ዕቃ የሚገዙ ክፍሎችም በቴክኒክ ዝርዝራቸው ላይ "የማያጣብቅ" ብሎ ከመጻፍ ባለፈ የልባሱን ዓይነት፣ የሚፈቀደውን ከፍተኛ ሙቀትና የአካሉን ውፍረት ቢያሰፍሩ ይጠቀማሉ። ዋጋው ርካሽ የሆነ ነገር ግን ቶሎ የሚላጥ መጥበሻ በተደጋጋሚ ሲገዛ ከፍተኛ ወጪ ማስከተሉ አይቀርምና።