«ኮንሰንት» ፊርማ አይደለም

በጁባ፣ አትላባራ ሰፈር ባለነው አበሾች አፍ የእንግሊዝኛው «ኮንሰንት» ፊርማ ማለት ሆኗል። «ክሊኒኩ ኮንሰንት አስፈረመኝ» ይላል አንዱ፤ በምን ላይ እንደፈረመ ሲጠየቅ ግን አያውቅም፤ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነበር። «የስምምነት ቅጽ» የሚሉትም አሉ። ስምምነት ከ«ሰማ» የወጣ ነው፤ ሁለት ወገን ሲደማመጥ ይገኛል። ተሰልፎ አሻራውን በክሊኒኩ የአሻራ መሣሪያ ላይ የሚያሳርፈውን ታማሚ ማን ሰማው?

እኔ «ፈቃድ»ን እመርጣለሁ። በግዕዝ «ፈቀደ» ወደደ፣ ፈለገ ማለት ነው፤ ፈቃድ የሰው የራሱ ውዴታ ነበር። የመንጃና የንግድ ፈቃድ ከመጡ ወዲህ ግን መሥሪያ ቤት ከላይ የሚቸረን ነገር መሰለ። በሕክምና ግን ፈቃድ ሰጪው ታማሚው ነው፤ ጠያቂው ተቋሙ። በሰው ላይ ስለሚደረግ የሕክምና ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የኑረምበርግ ደንብ የሚጀምረውም ከተሞካሪው ፈቃድ ነው። የኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ለጤና መረጃ የተለየ ጥበቃ ይሰጣል።

እንግዲህ «ዐውቆ መፍቀድ» እንበለው። «ዐውቆ» የምትለው ቃል የክሊኒኩን ሠራተኛ ሥራ ታስይዘዋለች፦ መረጃው ወዴት ይሄዳል? እስከ መቼ ይቀመጣል? የሚመረምረው ሐኪም ነው ወይስ ኮምፒውተር? ይህን በአማርኛም በጁባ ዓረብኛም ያስረዳ። «አሻራዬን አልሰጥም» ያለም ሕክምናው አይከልከልበት።