የፍሪጅ ጋዝ ታሪክ፦ ከላምባ እስከ ፀሐይ

ነፃ የንግድ ቀጠና ማለት ዕቃ ቀረጥ ሳይከፈልበት ተከማችቶ ወደ ሌላ አገር የሚላክበት ስፍራ ነው። የጅቡቲ ዓለም አቀፍ ነፃ የንግድ ቀጠና በጁላይ 2018 ተከፈተ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከባሕር ማዶ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ጭነት አብዛኛው በጅቡቲ በኩል ያልፋል፤ ከዚህም አንዱ ፍሪጅ ነው። ገዢ ዋጋውንና ስፋቱን ያያል፤ በቧንቧው ውስጥ ስለሚዞረው ጋዝ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የመጀመሪያዎቹ የቤት ፍሪጆች የሚሠሩት እንደ አሞኒያና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ባሉ መርዛማ ጋዞች ነበር። ጋዙ ሲያፈተልክ በተኙበት የሞቱ ቤተሰቦች ነበሩ። ስለዚህ በ1928 በአሜሪካ ቶማስ ሚጅሊና ባልደረቦቹ የማይመርዝና የማይቃጠል ጋዝ ሲያገኙ፣ ፍሪዮን ተብሎ ዓለምን አዳረሰ። ይሁን እንጂ በ1974 ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ሳይንቲስቶች፣ የዚህ ጋዝ ወገን ወደ ላይኛው አየር ወጥቶ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደንን ኦዞን እንደሚያጠፋ አስረዱ። በ1985 በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ የኦዞኑ መሳሳት ይፋ ሆነ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያ በ1994፣ ጅቡቲ በ1999 ተቀበሉት።

በፍሪዮን ምትክ የመጣው 134ኤ የተባለው ጋዝ ኦዞንን አይነካም። ነገር ግን አንድ ኪሎው ምድርን በማሞቅ ረገድ ከ1,300 ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ይጎዳል። በ1993 ግን በምሥራቅ ጀርመን ሻርፈንሽታይን የሚገኝ ፋብሪካ ወደ ቀድሞው ዘመን ተመልሶ፣ የቡታጋዝ ዘመድ በሆነው የፕሮፔንና የአይሶቡቴን ድብልቅ የሚሠራ ፍሪጅ ለገበያ አቀረበ። አይሶቡቴን ይቃጠላል፤ ሆኖም በአንድ የቤት ፍሪጅ ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ 100 ግራም አይሞላም።

ቀሪው ጥያቄ የኃይል ምንጭ ነበር። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠበቃል። መብራት ባልደረሰበት ጤና ጣቢያ ይህን ይጠብቅ የነበረው የላምባ ፍሪጅ ነው፤ ላምባው ሲያልቅ ወይም ክሩ ሲጠቁር ክትባቱ ይበላሻል፣ ሕፃኑም ሳይከተብ ይመለሳል። በፀሐይ ኃይልና በባትሪ የሚሠራው ፍሪጅ ተተካ፤ ባትሪው ግን በጥቂት ዓመት ይደክማል። በ2001 የተጀመረው ሶላርቺል የተባለው ሥራ መላ አገኘ፤ ይኸውም ኃይሉን በባትሪ ሳይሆን በበረዶ ማከማቸት ነው። ቀን ፀሐይ ሞተሩን ታንቀሳቅሳለች፣ በረዶ ይጋገራል፤ ሌሊት በረዶው ቅዝቃዜውን ይጠብቃል። ጋዙም አይሶቡቴን ነው። ዛሬ ያለ ባትሪ የሚሠሩ የፀሐይ ፍሪጆች በኢትዮጵያ ገጠር ጤና ኬላዎች ክትባት ይጠብቃሉ። ለምግብ ማቆያ የሚሆን ዓይነትም ተሠርቷል፤ ወደ እያንዳንዱ ቤት እንዳይገባ የያዘው በይበልጥ ዋጋው ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ ለአንድ ቤት ደኅና የሆነ ነገር ለምድር ሁሉ ደኅና ላይሆን እንደሚችል ነው። መምህራን ተማሪዎቻችሁ ከፍሪጁ ጀርባ የተለጠፈውን ጽሑፍ እንዲያነቡ አድርጉ። «አር 12» የሚል ከሆነ ፍሪዮን፣ «አር 134ኤ» ከሆነ ምድርን የሚያሞቀው፣ «አር 600ኤ» ከሆነ አይሶቡቴን ነው። ቧንቧውን ግን ማንም እንዳይነካ። ይህን ማንበብ የሚችል ገዢ ሲበዛ፣ ነጋዴውም በጅቡቲ በር የሚያስገባውን መርጦ ያስገባል።