የኢንሹራንስ ኩባንያ ትርፍ ለምን ሙሉ በሙሉ አይከፋፈልም? የአክሲዮን ዓይነትስ ምን መብት ይሰጣል?

የኢንሹራንስ ኩባንያ ከሌላው ነጋዴ የሚለየው ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀብሎ ግዴታውን በኋላ የሚወጣ በመሆኑ ነው። መድን ገቢው ዐረቦኑን ዛሬ ይከፍላል፤ ካሳው የሚጠየቀው ግን ከወራት፣ በሕይወት መድን ደግሞ ከበርካታ ዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሂሳብ መዝገብ ላይ ትርፍ መስሎ የሚታየው ገንዘብ ከፊሉ ገና ያልተጠየቀ የሌላ ሰው ካሳ ሊሆን ይችላል። ባለአክሲዮኖች ይህን ገንዘብ ተከፋፍለው ከሄዱ በኋላ አደጋ ቢደርስ፣ መኪናው የተገለበጠበት ወይም መጋዘኑ የተቃጠለበት ደንበኛ ባዶ ካዝና ይጠብቀዋል። የትርፍ ድርሻ ገደብ መነሻው ይኸው ነው።

በኢትዮጵያ ዘርፉን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ሲሆን፣ የመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746/2004 ኩባንያዎች በየዓመቱ ከተጣራ ትርፋቸው ቢያንስ 10 በመቶ ወደ ሕጋዊ መጠባበቂያ እንዲያዛውሩ ያስገድዳል። ይህ ግዴታ የሚቆመው የመጠባበቂያው መጠን ከኩባንያው ካፒታል ጋር ሲስተካከል ነው። 100 ሚሊዮን ብር የተጣራ ትርፍ ያስመዘገበ ኩባንያ 10 ሚሊዮኑን ሳይነካ ያስቀምጣል ማለት ነው። ቀሪው 90 ሚሊዮንም ወዲያውኑ አይታደልም። ስንቱ እንደሚከፈል የዳይሬክተሮች ቦርድ ሐሳብ ያቀርባል፤ ጠቅላላ ጉባኤው ይወስናል። ጉባኤው ካፒታል ለማሳደግ ሲል ድርሻውን በጥሬ ገንዘብ ከመክፈል ይልቅ ወደ አዲስ አክሲዮን ሊለውጠው ይችላል። ጥሬ ገንዘብ ጠብቆ የመጣ ባለአክሲዮን በዚህ ውሳኔ ቅር ሊሰኝ ቢችልም፣ ገንዘቡ በስሙ ኩባንያው ውስጥ እንደቆየ ይቆጠራል።

የአክሲዮን ዓይነት ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የተለየ ጥያቄ ያነሳል። በአገራችን የግል መድን ኩባንያዎች የሚሸጡት በባለቤቱ ስም የተመዘገበ ተራ አክሲዮን ስለሆነ፣ የአንዱ ባለአክሲዮን መብት ከሌላው የሚለየው በያዘው አክሲዮን ብዛት ብቻ ነው። ብዛቱም ገደብ አለው፤ አዋጁ ከመንግሥት በስተቀር ማንም ሰው ከአንድ መድን ኩባንያ አክሲዮን ከ5 በመቶ በላይ እንዳይዝ ይከለክላል። በሌሎች አገሮች ግን አንድ ኩባንያ ተራና ባለቅድሚያ አክሲዮኖችን ጎን ለጎን ያወጣል። የባለቅድሚያ አክሲዮን ባለቤት በየዓመቱ ቁርጥ ያለ ድርሻ ከተራው ባለአክሲዮን በፊት ያገኛል፤ በለውጡ በአብዛኛው ድምፅ የመስጠት መብቱን ይተዋል፤ ኩባንያው እጅግ ቢያተርፍም ከተወሰነለት በላይ አይደርሰውም። እንዲህ ያለው ስምምነት ችግር የሚገጥመው ሁለቱ ወገኖች ጥቅማቸው የተጋጨ ዕለት ነው።

የብሪታንያው አቪቫ የኢንሹራንስ ኩባንያ ታሪክ ይህንን በግልጽ ያሳያል። አቪቫና ጄኔራል አክሲደንት የተባለው የእርሱ ቅርንጫፍ ኩባንያ በድምሩ 450 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጡ ባለቅድሚያ አክሲዮኖች ነበሯቸው። አክሲዮኖቹ ዓመታዊ ድርሻቸው እንደየዓይነታቸው ከ7.875 እስከ 8.875 በመቶ ሲሆን፣ በስያሜያቸውም «የማይመለሱ» ተብለው የተጻፉ ነበሩ። የባንክ ወለድ ወደ ዜሮ በቀረበበት ዘመን እንዲህ ያለ ገቢ ብርቅ በመሆኑ፣ የእያንዳንዱ አክሲዮን የገበያ ዋጋ በላዩ ላይ ከተጻፈው 1 ፓውንድ በእጅጉ በልጦ ነበር። ከገዢዎቹ መካከል በዚህ ገቢ የሚተዳደሩ ጡረተኞች ይገኙበታል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 8 ቀን 2018 ኩባንያው እነዚህን አክሲዮኖች በተጻፈባቸው ዋጋ ሰርዞ ገንዘቡን የመመለስ መብት እንዳለው አስታወቀ። መንገዱም የካፒታል ቅነሳ የሚባለው ነው፤ በጉባኤ 75 በመቶ ድምፅና በፍርድ ቤት ማጽደቂያ ይፈጸማል። እንበል አንድ ጡረተኛ 1,000 አክሲዮኖችን እያንዳንዳቸውን በ1.60 ፓውንድ ገዝቶ ከሆነ፣ 1,600 ፓውንድ ያወጣበት ሀብት በ1,000 ፓውንድ ይዘጋበታል። የአክሲዮኖቹ ዋጋ ወዲያውኑ አሽቆለቆለ፤ የሌሎች ኩባንያዎች ባለቅድሚያ አክሲዮኖችም አብረው ወረዱ።

«የማይመለስ» የተባለ አክሲዮን እንዴት ሊመለስ ይችላል የሚለው ጥያቄ ባለሀብቶቹን ያስቆጣው ዋና ነገር ነበር። ኩባንያው በፈለገ ጊዜ ተመላሽ የሚደረግ አክሲዮን አንድ ነገር ነው፤ በሕግ የተደነገገ የካፒታል ቅነሳ ሌላ ነገር ነው የሚለው ክርክር በብሪታንያ ሕግ ሥር የሰደደ ነው። የጌቶች ምክር ቤት በ1949 በአንድ የድንጋይ ከሰል ኩባንያ ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ለባለቅድሚያ ባለአክሲዮኖች ካፒታላቸውን መልሶ ማሰናበት መብታቸውን እንደመጣስ አይቆጠርም ሲል ወስኗል። የሚገርመው፣ በዚያ ክርክር ቅሬታ አቅርቦ የተረታው ባለአክሲዮን ራሱ የኢንሹራንስ ኩባንያ መሆኑ ነው። በሕጉ ፊት ጠንካራ የሆነው የአቪቫ አቋም በሕዝብ ፊት ግን መቆም አልቻለም። መጋቢት 23 ቀን፣ ከማስታወቂያው 15 ቀን በኋላ፣ ኩባንያው ሐሳቡን ሰረዘ። በዚያ መካከል ደንግጠው በርካሽ ለሸጡ ሰዎችም በኋላ 14 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ መደበ።

ያው ኩባንያ ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላኛው ጥያቄ ተፈተነ። ኮቪድ 19 በተስፋፋበት በ2020 መጋቢት መጨረሻ የብሪታንያ ተቆጣጣሪ አካል ለመድን ኩባንያዎች ኃላፊዎች ደብዳቤ ጽፎ፣ ትርፍ ከማከፋፈላቸው በፊት መድን ገቢዎችን መጠበቃቸውን እንዲያረጋግጡ አሳሰበ። የአውሮፓ ኅብረት የመድን ተቆጣጣሪም በሚያዝያ 2 ተመሳሳይ ጥሪ አቀረበ። አቪቫ በሚያዝያ 8 ለተራ ባለአክሲዮኖች ሊከፍል የነበረውን በአክሲዮን 21.4 ፔንስ የመጨረሻ ድርሻ አነሳ፤ በነሐሴ ወር 6 ፔንስ ብቻ ለመክፈል ወሰነ። ሊጋል ኤንድ ጄኔራል የተባለው ተፎካካሪው ግን አቅም አለኝ ብሎ ከፍሏል። ማሳሰቢያው ቁርጥ ያለ ክልከላ ስላልነበር ውሳኔው የየቦርዱ ሆነ። በሁለት ዓመት ቀድሞ ሊሰናበቱ የነበሩት ባለቅድሚያ ባለአክሲዮኖች በዚህ ጊዜ ድርሻቸው አልተነካም።

በኢትዮጵያ የመብት ልዩነት የተነሳው በአክሲዮን ዓይነት ሳይሆን በዜግነት ነው። ዘርፉ ለውጭ ዜጎች ዝግ በመሆኑ፣ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንኮችና በመድን ኩባንያዎች ያላቸውን አክሲዮን እንዲለቁ ታዘዘ። የተመለሰላቸው የአክሲዮኑ የተጻፈ ዋጋ ሲሆን፣ በጨረታ የተገኘው ብልጫ ወደ መንግሥት ሄደ። ለዓመታት በውጭ አገር ሠርተው ላጠራቀሙ ሰዎች ይህ ከአቪቫ ጡረተኞች ስጋት ጋር የሚመሳሰል ኪሳራ ነበር፤ ልዩነቱ እዚያ ሐሳቡ ተሰረዘ፣ እዚህ ተፈጸመ። አዋጅ ቁጥር 1163/2011 በሩን ዳግም ከፍቶ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የመድን ኩባንያ አክሲዮን እንዲገዙ ፈቅዷል።