ትርፍ ሞተሩ ሲያልቅ፦ ባለሞተር ብስክሌት በሃማማትሱና በሃቫና



ስለ ቴክኖሎጂ ታሪክ ስንነጋገር አዘውትረን የምንደገፍበት አንድ አባባል አለ፤ «ችግር ብልሃትን ይወልዳል» የሚል። ዛሬ ይህን አባባል በአንድ ተራ ዕቃ፣ በየቤቱ ትንሽ ሞተር በተገጠመለት ብስክሌት፣ ልመረምረው እወዳለሁ። ሐሳቤን አስቀድሜ ልግለጽ። ችግር ሞተሩን ከብስክሌቱ ጋር ሊያገናኝ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግን ችግር ብቻውን አይወስነውም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ዓ.ም. የጃፓን ከተሞች ከጦርነቱ ፍርስራሽ ገና አልወጡም ነበር። ባቡሩ ይጨናነቃል፤ ቤንዚን በራሽን ይታደላል፤ ምግብ ፍለጋ ርቆ ለሚሄድ ሰው ያለው አማራጭ ብስክሌት ነው። በዚያ ዓመት ሆንዳ ሶይቺሮ በሃማማትሱ ከተማ አነስተኛ ወርክሾፕ ከፈተ። የጃፓን ጦር ለመገናኛ ራዲዮ ኤሌክትሪክ ማመንጫ የሠራቸው ትንንሽ ሞተሮች ከጦርነቱ ተርፈው ነበርና 500 ያህሉን አግኝቶ በብስክሌት ላይ ይገጥም ጀመር። የመጀመሪያው የቤንዚን መያዣ በብርድ ሌሊት አልጋ ለማሞቅ ሙቅ ውሃ የሚሞላበት የቤት ዕቃ ነበር። በመጀመሪያው ሙከራ ሞተሩ ከፊት ተቀምጦ የፊቱን ጎማ በፍትጊያ ያሽከረክር ነበር። የዘመኑ ጎማ ግን ይህን ስላልቻለ፣ ኃይሉ በቺንጋ ወደ ኋላው ጎማ እንዲተላለፍ ተደረገ። ባለቤቱ ሳቺም በከተማው መንገድ እየነዳች ከሞከሩት አንዷ ነበረች።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ አባባላችንን የሚያጸና ይመስላል። ይሁን እንጂ 500 ሞተር የሚያልቅ ነገር ነው፤ አለቀም። በእኔ ግምት የታሪኩ መገጣጠሚያ እዚህ ላይ ነው። የሌላውን ሞተር መግጠም አንድ ዕውቀት ሲሆን፣ የራስን ሞተር ቀርጾ ማቅለጥ ሌላ ዕውቀት ነው። ሆንዳ ለሁለተኛው ባዶ እጁን አልቀረበም። ከጦርነቱ በፊት የፒስተን ቀለበት፣ መካኒኮቻችን ፋሻ የሚሉትን፣ ለመሥራት ሞክሮ ስላልተሳካለት፣ የብረትን ጠባይ ለመማር በዚያው ከተማ ወደሚገኝ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር። በ1947 ደግሞ የቴክኒክ ትምህርቱን የጨረሰ ካዋሺማ ኪዮሺ የተባለ ወጣት ተቀጠረ፤ እርሱም የሆንዳን ሐሳብ በንድፍ ላይ የሚያሰፍር ሆነ። በዚያው ዓመት ኤ-ዓይነት የተባለው የራሳቸው ሞተር ለገበያ ቀረበ። የኩባንያው መመሥረት በ1948 ተከተለ። ካዋሺማም ከዓመታት በኋላ የኩባንያው ሁለተኛ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቃ።

አሁን ወደ ኩባ እንሻገር፤ ምክንያቱም አንድን መንስኤ ለመመዘን ያው መንስኤ ሌላ ውጤት ያስከተለበትን ቦታ ማየት ያስፈልጋል። በ1991 ሶቭየት ኅብረት ስትፈርስ ወደ ደሴቲቱ ይገባ የነበረው ነዳጅ እጅግ ቀነሰ፤ አውቶቡሶች ቆሙ። መንግሥት ከቻይና ከ1 ሚሊዮን በላይ ብስክሌት አስመጣ። ሕዝቡም ከውሃ ፓምፕ፣ ከዛፍ መቁረጫ መጋዝና ከፀረ ተባይ መርጫ ሞተር እየፈታ በብስክሌቱ ላይ ገጠመ። የፕላስቲክ ጠርሙስ የቤንዚን መያዣ ሆነ። ስሙንም «ሪኪምቢሊ» አሉት።

በእጅ ሥራ ረገድ የሃቫናው ሰው ከሃማማትሱው የሚያንስበት ነገር አይታየኝም። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ባለው ነው። በኩባ አነስተኛ የግል ሥራዎች ሳይቀሩ በ1968 በመንግሥት ተወርሰው ነበር። በ1993 በግል መሥራት ለተወሰኑ ሙያዎች ሲፈቀድ እንኳ፣ ከወርክሾፕ ወደ ፋብሪካ የሚያሳድግ መንገድ አልተከፈተም። ሪኪምቢሊም ሰሌዳ የሌለው፣ ሕግ የማያውቀው ተሽከርካሪ ሆኖ ቀረ። ባለቤቱ የሚነዳው ፖሊስ እንዳያስቆመው እየሰጋ ነበር።

በመዝገብ አያያዝ ረገድም ያለውን ልዩነት ልብ እንድትሉ እሻለሁ። የሃማማትሱን ታሪክ ሞተሩንና ጎማውን ሳይቀር ዘርዝረን የምናውቀው ኩባንያው አድጎ ታሪኩን ለማስጻፍ ስለበቃ ነው። የሪኪምቢሊ ሠሪዎች ግን በአብዛኛው ስማቸው እንኳ አልተመዘገበም። ስለዚህ ፋብሪካ የሆነውን ብቻ ፈጠራ ብለን፣ ያልሆነውን ጥገና ብለን ብንለይ፣ የምንለካው ብልሃትን ሳይሆን ዕድልን ይሆናል።

ለጥናት የምትነሡ ተማሪዎች እንዲህ ያለ ዕቃ ሲያጋጥማችሁ «ማን ገጠመው?» በሚለው ጥያቄ ላይ አትቁሙ። ትርፍ ሞተሩ ሲያልቅ ገጣጣሚው ምን ያውቅ ነበር? ከማን ሊማር ይችል ነበር? ሕጉስ ምን ፈቀደለት? ችግር በሁለቱም ከተሞች ነበረ፤ ውጤቱን የለያየው የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።